ሠዓሊው ሬምብራንትና የዕዳው መዝገብ

ወደ ውጭ አገር ለሥራም ሆነ ለትምህርት የሚላክ ሰው ሲመለስ ሁለት ዐይነት ዕቃ ይዞ ይመጣል። አንደኛው በሻንጣ የሚገባው፥ ለቤተ ሰብና ለወዳጅ የሚታደለው ነው። ሁለተኛው ግን ጉምሩክ የማይፈትሸው፥ ቀረጥም የማይከፈልበት፥ በዐይን ታይቶ በልብ የሚቀመጠው ዕውቀት ነው። የመጀመሪያው ከጥቂት ወራት በኋላ ያልቃል ወይም ያረጃል፤ ሁለተኛው ግን ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል። ስለዚህ፥ የተከበራችሁ አድማጮቻችን፥ ዛሬ ስለ አንድ የሆላንድ ሠዓሊ ሕይወትና ሥራ፥ እንዲሁም አንድ መንገደኛ ይህን ሰው በገዛ ከተማው እንዴት ሊያገኘው እንደሚችል እንነግራችኋለን። ሠዓሊው ሬምብራንት ቫን ራይን ይባላል። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችሁ በስብሰባ ወይም በሌላ ጉዳይ ምክንያት በአምስተርዳም በኩል አልፋችሁ ይሆናል። ከተማይቱ በውሃ ቦዮች የተከፋፈለች፥ በእግር ለመዞር የምትመች ናት። ይህን ንግግር የሚያቀርብላችሁም ሰው ለሥራ ወደ አውሮጳ በሄደበት ጊዜ በዚያች ከተማ አንድ ቀን ተኩል ትርፍ ጊዜ ስላገኘ ጊዜውን በዚሁ ሠዓሊ ዱካ ላይ አዋለው። በመጀመሪያም ያየው ሥዕሎቹ የተሰቀሉበትን ታላቅ አዳራሽ ሳይሆን ሠዓሊው የኖረበትን ቤት ነው። ይህንኑ ቅደም ተከተል ለሌላ መንገደኛም ይመክራል። የሰውየውን ደጃፍ፥ ምድጃና የሥራ ክፍል አስቀድሞ ያየ ሰው ወደ ሥዕሎቹ ሲሄድ የሚያገኛቸው እንደ ታወቀ ሰው ሥራ እንጂ እንደ እንግዳ ነገር አይደለምና።

ሬምብራንት ላይደን በተባለች ከተማ በ1606 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ተወለደ። አባቱ በነፋስ ኃይል የሚዞር የብቅል ወፍጮ ባለቤት ነበረ፤ ወፍጮውም ራይን በተባለው ወንዝ ዳር ስለ ነበረ «ቫን ራይን» የሚለው የቤተ ሰቡ ስም ከዚያ መጣ። እናቱ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበረች። ወላጆቹ ልጃቸው ተምሮ ለከተማው እንዲጠቅም አስበው በላቲን ትምህርት ቤት አስገቡት፤ በ1620 ዓ.ም.ም በላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ። ልቡ ግን ወደ ሥዕል ያዘነበለ ስለ ሆነ ብዙ ሳይቈይ ትምህርቱን ትቶ በዚያው ከተማ ከሚኖር ሠዓሊ ዘንድ ገባ። ከዚያም ወደ አምስተርዳም ሄዶ ፒተር ላስትማን ከተባለ መምህር ዘንድ ስድስት ወር ያህል ተማረ። ላስትማን ኢጣልያ ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው ሲሆን፥ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሰዎች ፊትና በእጅ እንቅስቃሴ መግለጥን ለደቀ መዝሙሩ አስተማረው።

እዚህ ላይ የዘመኑን ሁኔታ ማስረዳት ያስፈልጋል። አሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በአውሮጳ የሥዕል ታሪክ የባሮክ ዘመን ይባላል። በሮምና በማድሪድ ታላላቆቹ ሠዓሊዎች የሚሠሩት ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተ መንግሥት ነበር። በሆላንድ ግን የተሐድሶው ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በመቅደስ ውስጥ እንዲሰቀል አይፈቅድም፤ ሥዕል የሚያሠራም የንጉሥ አዳራሽ አልነበረም። ስለዚህ የሠዓሊው ደንበኛ ነጋዴው፥ ሐኪሙ፥ የመርከብ ባለቤቱና የየማኅበሩ ሹም ነበረ። ይህ ሁኔታ ለሠዓሊው ነጻነት ሰጠው፤ ዳሩ ግን ኑሮውን እንደ ገበያው ከፍና ዝቅ የሚል አደረገበት። የሬምብራንትም ሕይወት በዚህ ገበያ ላይ ወጥቶ በዚሁ ገበያ ላይ ወደቀ።

በ1631 ዓ.ም. ገደማ አምስተርዳም ገብቶ መኖር ሲጀምር ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት ነበረ። በሚከተለው ዓመት የከተማው የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማኅበር ዶክተር ቱልፕ በሬሳ ላይ ትምህርት ሲሰጡ የሚያሳይ ሥዕል እንዲሠራለት አዘዘው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው የማኅበር ሥዕል ሰዎቹን በረድፍ ደርድሮ የሚያሳይ ነበር። ሬምብራንት ግን መምህሩ የክንድን ጅማት በመቈንጠጫ ይዘው ሲያስረዱ፥ ከአድማጮቹም አንዱ አንገቱን አስግጎ ሲመለከት፥ ሌላው ሲያስብ አድርጎ ሣለው። ሥዕሉ ዛሬ ሄግ በሚገኘው ማውሪትስኸውስ በተባለው ሙዚየም ይገኛል። ከዚህ በኋላ ስሙ ወጣ፤ ባለጠጎችም መልካቸውን እንዲሥልላቸው ይሽቀዳደሙ ጀመር።

በ1634 ዓ.ም. ሳስኪያ የተባለች የመልካም ቤተ ሰብ ልጅ አገባ። በ1639 ዓ.ም.ም በታወቀ ጐዳና ላይ ያለ ትልቅ ቤት በ13,000 ጊልደር ገዛ፤ የቤቱን ዋጋ ግን በአንድ ጊዜ አልከፈለም፤ ቀስ በቀስ ለመክፈል ተዋዋለ እንጂ። ይህችን ውል አስታውሱ፤ ኋላ እንመለስባታለን። ሳስኪያ አራት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱ ገና በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ በ1641 ዓ.ም. የተወለደው ቲቱስ ብቻ አደገ። እርስዋም በሚከተለው ዓመት በሰኔ ወር አረፈች።

በዚያው ባለቤቱ በሞተችበት በ1642 ዓ.ም. ሬምብራንት ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ የታወቀውን ሥዕል ጨረሰ። ይህም በካፒቴን ፍራንስ ባኒንክ ኮክ የሚመራ የከተማ ጠባቂዎች ጓድ ሲነሣ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ጠባቂዎቹ ለመሣላቸው እያንዳንዳቸው በአማካይ 100 ጊልደር ያህል አዋጥተዋል። ሕዝቡ ኋላ «የሌሊት ዘብ» ብሎ ሰየመው፤ ነገር ግን ነገሩ የሆነው በቀን ነው፤ ሌሊት ያስመሰለው በላዩ የተቀባው ቫርኒሽ ከዕድሜ ብዛት ስለ ጠቈረ ነው። ደንበኞቹ ሥዕሉን አንቀበልም ስላሉ ሬምብራንት በዚህ ምክንያት ደኸየ የሚለው ወሬም ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ እውነት ግን አይደለም። ዋጋው ተከፍሎታል፤ ሥዕሉም በጠባቂዎቹ አዳራሽ ተሰቅሎ ኖሯል።

ይልቁንስ ጒዳት የደረሰበት በ1715 ዓ.ም. ወደ ከተማው ምክር ቤት በተዛወረ ጊዜ ነው። የተዘጋጀለት ግድግዳ ስለ ጠበበ በአራቱም በኩል እየተቈረጠ እንዲገባ ተደረገ! የተቈረጠውም ክፍል እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዛሬ ሥዕሉ ያለበት ሬይክስሙዚየም በ2019 ዓ.ም. ትልቅ የምርመራ ሥራ ጀምሮ፥ በዘመኑ የተሠራ አንድ ትንሽ ግልባጭ መሠረት በማድረግ የጐደለውን በኮምፒዩተር አስመስሎ ሠርቶ በ2021 ዓ.ም. ለጊዜው በጐንና በጐኑ ሰቅሎ ለሕዝብ አሳየ። የአንድ ክፍል ልክ ያስቸገራቸው ባለሥልጣኖች በአንድ ቀን የፈጸሙትን ነገር ብዙ ሊቃውንት ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ለማረም ይደክማሉ።

ለመሆኑ የዚህ ሠዓሊ ጥበብ ምንድን ነው? ባጭሩ ብርሃንን እንደ ተናጋሪ አድርጎ መጠቀም ነው ማለት ይቻላል። በእኛ በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብርሃን ከአንድ ወገን አይመጣም፤ ጻድቁ በሙሉ ፊት በሁለት ዐይን፥ ክፉው ደግሞ በጐን በአንድ ዐይን ይሣላል፤ ተመልካቹም በዚህ ይለያቸዋል። ሬምብራንት ግን ደጉንና ክፉውን በምልክት አይለይም። ሸራውን በጠቈረ ቡናማ ቀለም መሠረት ጥሎ፥ ብዙውን ክፍል በጥላ ትቶ፥ ልናየው የሚገባንን ፊት ወይም እጅ ብቻ ከጨለማው ያወጣዋል። ብርሃን ባረፈበት ስፍራ ቀለሙን እያወፈረ ስለሚያኖረው፥ ቀርቦ ለሚያይ ሰው እንደ ምርጊት ሻካራ ይመስላል፤ ጥቂት ርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ግን ሐር ወይም ወርቅ ወይም የሽማግሌ ቆዳ ይሆናል። በጥላው ውስጥ የቀረውን ነገር ተመልካቹ በገዛ አሳቡ ይሞላዋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከሥራዎቹ አንዱ ልዩ ነገር አለው። በዩትሬክት ከተማ ካታሬይነኮንቬንት በተባለው ሙዚየም ሬምብራንት ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ በ1626 ዓ.ም. በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሣለው «የጃንደረባው ጥምቀት» ይገኛል። ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው፥ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። የንግሥት ሕንደኬ የግምጃ ቤት ሹም የሆነው ኢትዮጵያዊ ኢየሩሳሌም ተሳልሞ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ፊልጶስም ቀርቦ ተረጐመለት፤ በመንገድም ውሃ አግኝተው አጠመቀው። ወጣቱ ሠዓሊ ኢትዮጵያዊውን በጌጠኛ ልብስ ተንበርክኮ፥ አጃቢዎቹን በዙሪያው፥ የተገለጠውን መጽሐፍ በአንደኛው እጅ፥ ከፊት ለፊትም ውሃ የሚጠጣ ውሻ አድርጎ ሥሎታል።

ላስትማንም ይህን ታሪክ ደጋግሞ ሥሎት ነበር፤ ሬምብራንትም በ1641 ዓ.ም. በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ ዳግመኛ አተመው። በ1661 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ጥቁር ሰዎች ጐን ለጐን ሆነው የሚያሳይ ሥዕል ሠራ፤ እርሱም በሄግ ይገኛል። በዘመኑ በሠዓሊው ሰፈር ነጻ የሆኑ ጥቁር ሰዎች ይኖሩ እንደ ነበር የከተማው መዛግብት ስለሚመሰክሩ፥ የሬምብራንት ቤት ሙዚየም በ2020 ዓ.ም. ይህንኑ የሚያስረዳ ትርኢት አቅርቧል። አንባቢ ሆይ፥ ያ የግምጃ ቤት ሹም ያንተው ባልደረባ ነው፤ ለጉዳይ ከአገሩ ወጥቶ ሲመለስ መጽሐፍ የሚያነብ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረና። ሥዕሉን ያየ ኢትዮጵያዊ በሩቅ አገር ግድግዳ ላይ የገዛ ቤቱን ታሪክ ማግኘቱ እጅግ ያስደስተዋል።

አሁን ወደዚያች ውል እንመለስ። ሬምብራንት ገንዘብ ሲያገኝ አያያዙን አያውቅበትም ነበር። ሐራጅ በተባለበት ሁሉ እየተገኘ የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥዕልና ኅትመት፥ የጥንት ምስሎችን፥ የጦር መሣሪያና ቀንድ አውጣ ሳይቀር ይገዛ ነበር። የቤቱን ዕዳ ግን ለዓመታት ሳይከፍል ቈየ። በ1652 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ ጦርነት ተነሥቶ ንግድ ሲቀዘቅዝ ባለ ገንዘቦች ገንዘባቸውን መጠየቅ ጀመሩ። በ1653 ዓ.ም. የቤቱ ሻጮች የቀረውን ከ8,000 ጊልደር በላይ ጠየቁት፤ እርሱም አንዱን ዕዳ ለመክፈል ከሌሎች ሰዎች ተበደረ። ዕዳ በዕዳ ሲከፈል መጨረሻው ምን እንደሚሆን በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ1656 ዓ.ም. ቤቱን በልጁ በቲቱስ ስም ለማዛወር ሞከረ፤ ይህም አበዳሪዎቹን ይበልጥ አስቈጣ። በሐምሌ ወር ግን መክፈል እንደማይችል አስታውቆ ንብረቱን ለሕግ አስረከበ።

በዚህ ጊዜ የከተማው የከሰሩ ሰዎች ንብረት አስተዳዳሪ መሥሪያ ቤት ጸሐፊውን ላከ። ጸሐፊውም ከመግቢያው ጀምሮ ክፍል በክፍል እየዞረ፥ የሚያየውን ሁሉ በተራ ቊጥር መዘገበ። መዝገቡ 363 ተራ ቊጥሮች አሉት። በእርሱ ውስጥ የሠዓሊው የገዛ ሥዕሎች፥ የራፋኤል ሥራዎች የታተሙበት ጥራዝ፥ የሮም ቄሣሮች ምስል፥ የራስ ቊር፥ አሥራ አምስት መጻሕፍት፥ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ይገኛሉ። ለማንጻት ወደ ውጭ የተላኩት ሸሚዞችና መሐረቦች እንኳ አልተረሱም። ሠዓሊው የገዛ ኑሮው በሌላ ሰው ብዕር እንዲህ ሲቈጠር ቆሞ ማየቱ ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ዕቃው በየጊዜው በሐራጅ ተሸጠ፤ ቤቱም በ1658 ዓ.ም. በ11,218 ጊልደር ሄደ፤ ዕዳው ግን በዚህ ሁሉ አልተከፈለም።

ስለ ጠባዩም እውነቱን መናገር ይገባል። ሳስኪያ ከሞተች በኋላ ሕፃኑን ታሳድግ የነበረችው ሔርትየ የተባለች ሴት ሊያገባኝ ቃል ገብቶልኛል ብላ በ1649 ዓ.ም. ከሰሰችው፤ ዳኞችም በየዓመቱ 200 ጊልደር እንዲሰጣት ፈረዱ። ነገር ግን በሚከተለው ዓመት በእርሱ ረዳትነት በሐውዳ ከተማ በሚገኝ የሴቶች ማረሚያ ቤት ተዘግታ አምስት ዓመት ያህል ኖረች። በሰው ፊት ላይ ርኅራኄን እንዲህ አድርጎ የሚሥል እጅ ይህን ደግሞ ሠርቷል። የእጁ ጥበብ በደሉን አይሽረውም፤ በደሉም ጥበቡን ሐሰት አያደርገውም። ሁለቱንም ይዞ ማየት የአስተዋይ ተመልካች ድርሻ ነው።

ከእርስዋ በኋላ ሔንድሪክየ የተባለች ሴት አብራው ኖረች። ሳስኪያ ተናዝዛ የተወችው ገንዘብ እርሱ ሌላ ሚስት ቢያገባ የሚቋረጥ ስለ ሆነ ሳይጋቡ ቀሩ፤ እርስዋም በ1654 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ሸንጎ ፊት ቀርባ ከቊርባን ተከለከለች። በችግሩ ጊዜ ግን የደገፈችው እርስዋ ናት። በ1660 ዓ.ም. ከቲቱስ ጋራ ሆና የሥዕል ንግድ ማኅበር አቋቋመች፤ ሬምብራንትም በማኅበሩ ውስጥ እንደ ተቀጣሪ ሆኖ ምግብና መኖሪያ ይሰጠው ጀመር፤ አበዳሪዎቹም የሚሠራውን እንዳይወስዱበት ተደረገ።

በዚህ ዝቅተኛ ኑሮ ውስጥ ሳለ ነው እንግዲህ ታላላቆቹን ሥራዎች የሠራው። ከነዚህ አንዱ በተለይ ለጽሕፈት ቤት ሰው የሚናገር ነው። በ1662 ዓ.ም. የጨርቅ ጥራት ተቈጣጣሪዎች የሆኑ አምስት ሹማምት ከአገልጋያቸው ጋራ ሣላቸው። በቀይ ምንጣፍ በተሸፈነ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ መዝገቡ ተገልጧል፤ አንደኛው ከወንበሩ ብድግ ሊል ነው፤ ሁሉም ወደ እኛ ይመለከታሉ። አንድ ባለ ጉዳይ በሩን ከፍቶ የገባ ይመስላል፤ ያም ባለ ጉዳይ ተመልካቹ ራሱ ነው። ሥዕሉ በሬይክስሙዚየም ስላለ ከፊቱ ቁሙና ተመልከቱት። ሥልጣን ያለው ሰው ባለ ጉዳይን እንዴት ይመለከታል? እነዚህ ፊቶች ጥንቁቆች ናቸው፤ ነገር ግን የሚንቁ አይደሉም።

ሔንድሪክየ በ1663 ዓ.ም. ሞተች፤ ቲቱስም በ1668 ዓ.ም. ባገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ተቀበረ። በዚህ ጊዜ ገደማ ሬምብራንት የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ የሚያሳየውን ሥዕል ሠራ፤ ሥዕሉ ዛሬ በፒተርስበርግ ነው። ልጁ ፊቱን በአባቱ ደረት ውስጥ ሰውሮ ተንበርክኳል፤ ያለቀው ጫማው ከእግሩ ወጥቷል፤ የሽማግሌው ሁለት እጆች በጀርባው ላይ አርፈዋል። ልጆቹን የቀበረ አባት እንዲህ ያለውን መመለስ ሲሥል ምን እንዳሰበ እያንዳንዱ ተመልካች በልቡ ይመልስ። ሠዓሊው ራሱ በ1669 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ቀን አርፎ በቬስተርኬርክ ቤተ ክርስቲያን ስም ባልተጻፈበት መቃብር ተቀበረ። የመታሰቢያ ጽሑፍ የተደረገለት በ1906 ዓ.ም. ነው።

አሁን ስለ መዝገቡ አንድ ነገር እንጨምር። ሬምብራንት የኖረበት ቤት በ1911 ዓ.ም. ሙዚየም ሆነ። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ የቤቱን ውስጥ እንደ ቀድሞው ለማድረግ በታሰበ ጊዜ ባለሙያዎቹ የተመሩት በዚያው የ1656 ዓ.ም. የንብረት መዝገብ ነው። በየትኛው ክፍል ምን ዐይነት ወንበር፥ ምን ሥዕል፥ የትኛው ምስል ይቀመጥ እንደ ነበረ ያወቁት ያ ጸሐፊ ሳይሰለች በተራ ስለ ጻፈው ነው። ጸሐፊው ያሰበው የአበዳሪዎችን መብት መጠበቅን ብቻ ነበር። ሥራውን በጥንቃቄ ስላከናወነ ግን ቤት የወሰደው መዝገብ ከ300 ዓመት በላይ ቈይቶ ቤቱን መለሰ። በየጽሕፈት ቤታችን ፋይል የምንከፍትና የምንዘጋ ሰዎች ይህን ነገር ልናስብበት ይገባል።

በመጨረሻ መንገደኛ ለሚሆን ሰው ጥቂት ምክር እንሰጣለን። ላይደን፥ ሄግና ዩትሬክት ከአምስተርዳም በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ መንገድ ናቸው። ጊዜ የሌለው ሰው ጧት የሠዓሊውን ቤት፥ ከቀትር በኋላ ሬይክስሙዚየምን ቢያይ ይበቃዋል፤ አንድ ቀን የተረፈው ዩትሬክት ሄዶ ያን ኢትዮጵያዊ ሹም ይጐብኝ። በሙዚየሙም ውስጥ መቶ ሥዕል በሩጫ ከማየት ሦስቱን መርጦ በእያንዳንዱ ፊት ሩብ ሰዓት መቆም ይሻላል። በመጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፥ ቀጥሎ በማን ላይ እንዳረፈ፥ በመጨረሻም በጥላው ውስጥ ማን እንደ ቀረ ተመልከቱ። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን።